ዘይትና ፊልትሮ የባለቤቱ ሥራ ይሁን

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ በጎፋ፣ በለቡና በጀሞ የቆሙት ቪትዞችና ኮሮላዎች በቀላሉ የማይተኩ ንብረቶች ሆነዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ናረ። ስለዚህ ባለመኪናው ዘይትና ፊልትሮ መቀየርን በገዛ እጁ ሊለምድ ይገባል እላለሁ። ሞተርን ቀድሞ የሚጎዳው ችላ የተባለ ጥቃቅን ነገር ነው፤ አቧራ የጠጣ የአየር ፊልትሮ ትንፋሹን ያፍናል፣ የቆየ ዘይትም ብረቱን ከመፋተግ አያድነውም።

«አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ቢሸጥልኝስ?» የሚል ሥጋት አለ፤ እውነተኛ ሥጋት ነው። ግን መካኒኩም ቢሆን የሚገዛው ከዚያው ከመለዋወጫ ገበያው ከሱማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ይዞ ሄዶ ጥርሱንና የጎማ ቀለበቱን ከአዲሱ ጋር የሚያስተያይ ሰው በቀላሉ አይታለልም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ቢይዝ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ፍሬንና መሪ ግን የሕይወት ጉዳይ ናቸውና ለባለሙያ ይተዉ፤ ጋራዦቹም እንጀራ አያጡም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። የተቃጠለውም ዘይት ቱቦ ውስጥ አይደፋ፤ ወንዞቻችን የሚወርዱት ወደ አቃቂ ነው፣ ከታች ደግሞ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ።