የሮማ ሐውልት፣ የጌጃ ሰፈር በር

በአዲስ አበባ ጌጃ ሰፈር፣ ልጅ ወደ አውሮፓ በላከ ቤት ሁሉ ቡፌው ላይ የሚቀመጠው ፎቶ ይመሳሰል ነበር። ልጁ ረጅም ካፖርት ለብሶ አንድ እጁን መኪና ላይ አሳርፏል፤ መኪናው የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ከኋላው በረዶ፣ ፏፏቴ ወይም ስሙ የታወቀ ሐውልት ይታያል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለውድ ቤተሰቦቼ ማስታወሻ ይሁንልኝ» ተብሎ ተጽፏል።

እኔም የዚያው የልደታ መንደር ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ሮማ ነው፣ ካሜራም ከትከሻዬ አይወርድም። የራሴንም የወገኖቼንም አልበም ደጋግሜ ካገላበጥኩ በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ውጭ የምንኖር ሰዎች ፊልማችንን የጨረስነው በማይጠፋ ነገር ላይ ነው። ኮሎሲየምን እኛ ባናነሳው ቱሪስቱ ሁሉ ያነሳዋል። የእናቶቻችንን ማድቤት፣ የግቢውን የጋራ ቧንቧ፣ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበትን ክፍት ቦታ ግን ከእኛ በቀር የሚያነሳው አልነበረም፤ እኛም አላነሳነውም።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ሐሳቤን የሚያፈርስ ይመስላል። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ሮማ ውስጥ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሞሮኳዊ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው እዚሁ ሐውልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሮማ የደረሰ ኢትዮጵያዊ እዚያ ቆሞ ፎቶ ሳይነሳ አያልፍም ነበር። ሐውልቱ ተነቅሎ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አክሱም ላይ ተተከለ። እነዚያ «እኔም ሮማ ደርሻለሁ» ለማለት የተነሱ ፎቶዎች አሁን ሌላ ነገር ሆነዋል፤ የተዘረፈ ቅርስ በስደት ቆሞ ሳለ እኛ ስር ስሩ እንደነበርን ያስረዳሉ። ይህን ዋጋ የሰጣቸው ግን የሐውልቱ ከዚያ መነሳት እንጂ የእኛ አስቀድሞ ማወቅ አይደለም።

ሰፈራችንን ለምን አላነሳነውም? ፊልም መግዛትና ማሳጠብ ውድ ስለነበር ነው የሚለው መልስ ጥቂት እውነት አለው፤ ግን ያው ፊልም ለፏፏቴው በቅቶ ነበር። ዋናው ነገር ፎቶው ለማን እንደሚነሳ ነው። ከአውሮፓ ወደ ቤት የሚላከው ፎቶ ወሬ ነው፦ ደህና ነኝ፣ አትስጉ፣ ለእኔ ብላችሁ የተበደራችሁት ከንቱ አልቀረም። ይህን ወሬ የሚያበላሽ ነገር ከፎቶው ውስጥ ይወጣል። በዚህ ምክንያት አውሮፓ ውስጥ የምንኖረው ኑሮ ራሱ እንኳ አልተነሳም። ሮማ ውስጥ በሰው ቤት አሮጊት እያስታመመች ዕድሜዋን የገፋች እህት አልበም ብታዩ፣ እሑድ ለብሳ የወጣችበትን አደባባይ ሁሉ ታገኛላችሁ። የተኛችበትን ጠባብ ክፍል፣ የምትገፋውን ተሽከርካሪ ወንበር አታገኙም። ሰኞና ማክሰኞ በአልበሟ ውስጥ የሉም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት የኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራ የኮረምን ረሃብተኞች ለቢቢሲ ተመልካች ሲያሳይ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ እርዳታ መጥቷል፤ ይህ አይካድም። ሆኖም ከዚያ ወዲያ አውሮፓ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ታወቀ። እንዲህ ያለ ሰው ጭቃው የተላላጠ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በር ላይ ጉልቻ ያለበትን ፎቶ አውጥቶ ለሥራ ባልደረባው ሊያሳይ አይችልም። ያ ግድግዳ ለእሱ ያደገበት ቤት ነው፤ ለባልደረባው ግን የዜናው ቀጣይ ክፍል። ገመናን መሸፈን የኖረ ባሕላችን ነው፤ የውጭው ዓይን ሲጨመርበት ካሜራው ከነጭራሹ ወደ በሩ መዞር ተወ።

አገር ቤት የቀሩትስ? እነሱ ፎቶ ቤት ሄደው ነበር የሚነሱት፤ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ወይም በቀለም የተሳለ መናፈሻ ነበር። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ አልበም ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣውን ፎቶ ሳይ የሰው ፊት፣ የጸጉር አሠራር፣ የልብስ ፋሽን እጠግባለሁ። መንደሩ ግን አልፎ አልፎ፣ ያውም ሳይታሰብ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ብቅ ይላል።

ይህ ሁሉ የአልበም ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ቤቶቹ ባይፈርሱ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ከሆነ በኋላ፣ በልደታ ዙሪያ ብዙ ሰው በትንሽ ኪራይ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ኖሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መልሶ ማልማት ሲመጣ አሮጌዎቹ መንደሮች ተራ በተራ ተነሱ፤ አንዱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሌላው ምትክ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፣ ቡና አብረው የሚጠጡ ጎረቤቶች በከተማው አራት ማዕዘን ተበተኑ። የእኛም ግቢ ከዚያ አልተረፈም። እኔ በመፍረሱ አልከራከርም፤ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የነበረበትን ኑሮ የሚናፍቅ ካለ ያልኖረበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በልደታ ሲያልፍ ማየትም ደስ ይለኛል። የምከራከረው ያለ ማስረጃ በመፍረሱ ነው። አሁን የሰፈሬ ልጆች፣ ከስቶክሆልም እስከ ፍራንክፈርት፣ ጉግል ኧርዝ ላይ ዓመቱን ወደ ኋላ እየመለሱ የቤታቸውን ጣሪያ ይፈልጋሉ። ጣሪያው ከላይ ይታያል፤ አንድ ግራጫ ነጠብጣብ ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ አይታይም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር ከተማችንን በፊልም ቀርጾ ሄዷል፤ ፊልሙም እዚህ ሮማ፣ በሉቼ የፊልም መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ወራሪው ያለውን ያህል ስለ ገዛ መንደራችን እኛ የለንም፤ ይህ ያበሳጨኛል።

ዛሬ ስልክ በያንዳንዱ ኪስ አለ፤ ሰበብ የለም። ለክረምት ወይም ለገና አገር ቤት የምትገቡ ወገኖቼ፣ ከዘመድ ጋር ከምትነሱት ሌላ፣ አስፈቅዳችሁ በሩን አንሱ፤ ማድቤቱን፣ መተላለፊያውን፣ ሱቁን አንሱ። ዓመቱን፣ የቤቱን ቁጥርና የሰዎቹን ስም ጻፉበት። ስልክ ይጠፋልና አሳጥባችሁ አንዱን ቅጂ እዚያው ቤት ተዉት።