የዘፋኝ ሞትና የመምህር ድርሻ

«ዘፋኝ ሞተ ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ ምን ሊረባ!» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አንዳንዶቻችን ዛሬ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ነገ ልጆች ፊት የምንቆም ነንና ይህን አነጋገር ደግመን ልናጤነው ይገባል ባይ ነኝ።

ጥላሁን ገሠሠ በ68 ዓመቱ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን በመንግሥት ደረጃ ሥርዓተ ቀብሩ ሲፈጸም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው፤ አስከሬኑም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። አዋቂው ማዘኑ አያስገርምም፤ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አብሮት የኖረ ድምፅ ነው። የሚያስገርመው መድረክ ላይ ዓይተውት የማያውቁ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ማልቀሳቸው ነበር። ከነዚያ አንዱ እኔ ነኝ። ካሴቱ የአባቴ ነበር፤ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘው ግን የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ መምህራችን ስለ ጥላሁን ስናወራ ሰሙንና «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ዝም በሉ!» አሉን። ዝም አልን። ቀጥለው የገቡት የሳይንስ መምህርታችን ግን «ጥላሁንን ለዓመታት ያሠቃየው በሽታ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁን። «ስኳር!» አልን ባንድ ድምፅ። «ስኳር ማለትስ ምንድነው?» ሲሉ የመለሰ የለም። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲጎድል ወይም ሥራውን በሚገባ መሥራት ሲያቅተው ስኳር በደም ውስጥ እንደሚከማች፣ ምልክቱም የውኃ ጥም፣ የሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና ክብደት መቀነስ እንደሆነ አስረዱን። ክፍሉ ኮሽ አላለም። በዓመቱ አባቴ ሌሊት እየተነሣ ውኃ መጠጣት ሲያበዛ፣ ሐኪም ቤት ካልሄድን ብዬ የሙጥኝ አልኩ። ስኳር ተገኘበት። በመድኃኒትና በምግብ ጥንቃቄ፣ ተመስገን፣ ዛሬም አለ። እኔም መምህር የመሆን ሐሳብ ያደረብኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ልጆቹ ያው፣ ሐዘኑም ያው ነበር። ልዩነቱ የመምህሩ ነው። ያዘነ ልጅ ጆሮው ክፍት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተነገረውን ቶሎ አይረሳም።

ጥላሁንም ቢሆን የመምህር እጅ ያረፈበት ሰው ነበር። ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር አያቱ በቀለም ትምህርቱ እንዲበረታ ይሹ ነበር። ሱዳናዊው ርእሰ መምህር ሚስተር ሸዳድ ግን ለሙዚቃ ያለውን ፍቅር አይተው አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሞክር አበረታቱት። ልጁም ከአገር ፍቅር እስከ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘለቀ፤ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ይህ ሲባል ግን ድምፅ ያለውን ተማሪ ሁሉ «ደብተርህን ጥለህ ሂድ» እንበለው ማለት አይደለም። የአያቱም ሥጋት የማንኛውም ወላጅ ሥጋት ነው። ክፍሉንም ለቅሶ ቤት እናድርገው አላልኩም፤ የሚሸፈነው ትምህርት ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አሥር ደቂቃ አይጠፋም። የአማርኛ መምህር የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያስጽፍ፤ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውንስ ማን ደረሰው ብሎ ልጆቹን ይላክ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ማዜሙን አንሥቶ ያወያይ። በትምህርት ዕቅዳችን ላይ ያልሰፈረ ሁሉ ትርፍ ነገር አይደለም።

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ ዕጩ መምህራን ሆይ፤ የዛሬ ልጆች የሚወዱት ድምፃዊ እናንተ ስሙን እንኳ ያልሰማችሁት ሊሆን ይችላል። ሲሞትባቸው አትሳቁ። «ማን ነበር? ምኑን ወደዳችሁለት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ትምህርቱን ከዚያ ጀምሩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነውና!