ለፍጥነትም ልክ አለው

የመሥሪያ ቤትዎ ወይም የትምህርት ቤትዎ የሊኑክስ ሰርቨር በኃላፊነትዎ ሥር የሆነ እንደ ሆነ፥ ሁለት ፈራጆች እንዳሉብዎት ይወቁ። አንደኛው መልስ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው በየወሩ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከሥራው ጋራ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋራ ያድጋል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ይታሰባል። ለምሳሌ ከ3 ጊጋኸርትዝ ወደ 2፥ ከ1.2 ቮልት ወደ 1.0 ዝቅ ቢል፥ ፍጥነቱ በሲሶ ሲቀንስ በሥራው ላይ የሚያውለው ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ቀስ ይበል» አይበሉ። የተጓተተ ሥራ ሜሞሪውንና ማራገቢያውን ጭምር ያቆያል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ፈጥኖ ጨርሶ መተኛት ይሻላል።

በሊኑክስ ይህን የሚወስነው ክፍል «ገቨርነር» ይባላል፤ ገዥ ማለት ነው። «ፐርፎርማንስ» የተባለው ሁልጊዜ ከፍተኛውን ፍጥነት ይጠይቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 4.7 ጋራ የመጣው «ሼድዩቲል» ጭነቱን እያየ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። «ፓወርሴቭ» ግን ስሙ ያሳስታል፤ በአንዳንዱ ድራይቨር ፍጥነቱን ከዝቅተኛው ላይ ያቆመዋል፥ በኢንቴል ፒስቴት ድራይቨር ሲሠራ ግን እንደ ጭነቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በስም ሳይፈርዱ፥ «ሲፒዩፓወር ፍሪኩዌንሲ-ኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው የትኛው ድራይቨርና የትኛው ገቨርነር እንደሚሠራ ይመልከቱ።

እንቅልፍም አለ። ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ያንቀላፋል፤ እንቅልፉ በጠለቀ መጠን ብዙ ኃይል ይቆጥባል፥ ለመንቃት ግን ይዘገያል። መዘግየቱ በማይክሮሰከንድ የሚቆጠር ስለ ሆነ ሰነድ ለሚያስቀምጥ ሰርቨር ከቁጥር አይገባም፤ በየሰከንዱ ሺህ ጊዜ ለሚጠየቅ የመረጃ ቋት ግን ሊታወቅ ይችላል።

እንግዲህ ከመለወጥዎ በፊት ይለኩ። ባለጉዳይ በሚበዛበት ሰዓት መልሱ የሚወስደውን ጊዜና ማሽኑ የሚስበውን ዋት ይመዝግቡ፤ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት እንደ ገና ይለኩ። መልሱ ካልፈጠነ ወደ ነበረበት ይመልሱት፤ ማንም ያልተጠቀመበት ፍጥነት ሙቀት ሆኖ ይወጣልና፥ ሙቀቱን ለማብረድም ሌላ መብራት ይከፈላልና።

በትእዛዝ ብቻ የተደረገ ለውጥ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ አይገኝም። ስለዚህ ያዋጣዎትን ለውጥ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር እንዲጸና አድርገው፥ ቀኑንና ምክንያቱን በመዝገብ ይጻፉ። ከእርስዎ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ያመሰግንዎታል።