ገዳዩ የጠፋበት የጉዞ መጽሐፍ

ከደሴ ፒያሳ የተነሳ መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በባቲ በኩል አፋር ይገባል። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት፣ በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀ ገበያ ነው። የውጭ የጉዞ መመሪያ መጻሕፍትም ያወድሱታል። አወድሰው ሲያበቁ፣ ገበያው ላይ ከንጉሡ ዘመን የቀረ መስቀያ መኖሩን ለአንባቢያቸው ጠቆም ያደርጋሉ። ማን ተሰቀለበት? በምን ጥፋት? ፈራጁ ማን ነበር? መልስ የለም። ወሬው ወደ ማደሪያና ወደ አውቶብስ ሰዓት ያልፋል።

ይህ አጻጻፍ ዛሬ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ሌነንና ማልኮም ፎሊ የተባሉ ሁለት ምሁራን ሰዎች ወደ ሞትና ወደ እልቂት ቦታዎች የሚያደርጉትን ጉዞ «ጨለማ ቱሪዝም» ብለው ሰየሙት፤ በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አወጡ። የእነሱ ዓላማ ጥናት ነበር። አሳታሚዎች ግን ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ የራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። አሜሪካ ውስጥ ሙት መንፈስ ይታይባቸዋል የተባሉ ከ2,000 በላይ ቦታዎችን የዘረዘረ ወፍራም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔትፍሊክስ በዚሁ ጉዳይ ተከታታይ ፊልም አቀረበ፤ በ2021 ደግሞ የዓለምን የሞት ቦታዎች በካርታ የሰበሰበ ትልቅ አትላስ ለገበያ ዋለ። አንባቢው ገጽ እየገለጠ የእረፍት ጊዜውን ያቅድበታል።

ሰው ወደ ሞት ቦታ መሄዱ ነውር የለበትም። ወሎ ራሱ የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ ሙስሊሙ የሸኾቹን መቃብር ይዘይራል፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ቅዱሳን ያረፉበት ገዳም ድረስ በእግሩ ይጓዛል። የሄደውም ማን ዘንድ እንደሄደ ያውቃል፤ በስም ይጠራዋል፣ ዱኣ ያደርግለታል፣ ነፍስ ይማር ይላል። የእነዚህ መጻሕፍት ጥፋት ስሙን አጥፍተው ድንጋጤውን ብቻ ማስቀረታቸው ነው። «መንፈስ አለበት» የተባለ ቤት ከሳሽም ተከሳሽም የለውም። በሰው እጅ የተፈጸመ ግፍ በዚህ ዓይነት አጻጻፍ እንደ ጉምና እንደ ብርድ የቦታው ጠባይ ይሆናል።

ደሴን እንውሰድ። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለመምራት ከጥቂት ቀናት በፊት ደሴ ገብተው ነበር፤ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረውም ከዚህ ድብደባ ጋር ተያይዞ ነው። ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበትን የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም አልማረም። እዚያ የነበሩት የውጭ ሐኪሞች ጄኔቭ ላለው የመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፦ ቀኑ፣ አዛዡ መንግሥት፣ ዒላማው፣ ምስክሩ፣ ሰሚ ያጣው አቤቱታ። ይህን ሁሉ ጥሎ «ሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ የሚሰማባት ከተማ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሙሶሊኒን ከገጹ ላይ አስወጥቶታል።

ከዚህ የባሰው የረሃቡ ነው። ወሎን ለዓለም ያስተዋወቁት ሁለት ፊልሞች ናቸው፤ አንዱ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው፣ ሌላው ማይክል በርክና መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረምና ከመቀሌ ያሳዩት። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በ77ቱ ረሃብ ባቲም ትልቅ መጠለያ ነበራት፤ ስለዚህ መስቀያውን የሚያስጎበኘው መጽሐፍ የሚቆምባት ያቺው ከተማ እጅግ ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ የረገፈባት ናት። የጨለማ ጉዞ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ «በድርቅ የተረገመ ምድር» ማለት ይቀናዋል። ወሎ ግን የተረገመ ምድር አይደለም። አማርትያ ሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ የደሴን የእህል ዋጋ መርምሮ ያገኘው ነገር አሁንም ያስደነግጣል፦ በ66ቱ ረሃብ ወቅት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው ማሳው ሲከስምና ከብቱ ሲያልቅበት የሚበላውም የሚሸምትበትም አጣ። እህል በመኪና ሲያልፍ እያየ በዋናው መንገድ ዳር የሞተ ሰው ታሪክ ነው ይህ። በ77ቱም ቢሆን ከዝናቡ መጥፋት ጋር ጦርነቱ ነበር፤ መንግሥትም አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር ረሃቡን በአደባባይ ለማውጣት ዳተኛ ነበር። እነዚህን ምክንያቶች የማይጽፍ መመሪያ የሙታኑን ቦታ እያሳየ የገደላቸውን ይሸሽጋል።

በሌላ በኩል ሰላም የነበረውን ሞት አስፈሪ የማድረግ ልማድም አለ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ የዛጉዌ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው ጠቆር ያለ እንጨትና ነጭ ልስን እየተደራረበ በአክሱም ሥርዓት የተሠራ፣ ጣሪያው በጥበበኛ እጅ የተጌጠ፣ በአገሪቱ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ከሚያምሩት አንዱ ነው። ከጀርባው፣ ብርሃን በማይደርስበት የዋሻው ክፍል፣ የብዙ ሰዎች አጽምና ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ደርቆ የቀረ አስከሬን አለ። ትውፊቱ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ሳይቀር መጥተው እዚያ ማረፍን የመረጡ ምእመናን ናቸው ይላል። መመሪያ መጻሕፍቱ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ ብለው ይመክራሉ፤ ሲወጣ ስለ ጣሪያው የሚያወራ ጎብኚ ጥቂት ነው። ከመቅደሱ አጠገብ መቀበርን እንደ ጸጋ ቆጥሮ የመጣ ምእመን የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም ተዋናይ ተደረገ። ዳሎልና ኤርታሌም «የሲኦል በር» ተብለው ይሸጣሉ፤ አፋሩ ግን እዚያው አካባቢ አሞሌውን እየጠረበ ልጆቹን ያሳድጋል።

ይህ የሙታንን አካል እንደ ትዝታ ዕቃ የማየት ነገር በወሎ ምድር ቆየት ያለ ታሪክ አለው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ አምባውን የያዙት የእንግሊዝ ወታደሮች ከአስከሬናቸው ላይ ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ። ያ ፀጉር ከለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ነው። ለመመለሱ ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ።

የዚህ ገበያ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ቸል ሊባል አይገባም። ደሴና ኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ ለሚሄደው ቱሪስት የምሳ ማቆሚያ ብቻ ሆነው ኖረዋል፤ ሆቴሉ፣ ሹፌሩ፣ አስጎብኚው ወጣት ሥራ ይፈልጋል። ሰው በፍርሃትም ይምጣ በጉጉት፣ ብር ይዞ ይመጣል ይላሉ። ብሩ እውነት ነው፤ ፍርሃት የሚሸጥ ከተማ ግን ከጎብኚው ጋር የአንድ ቀን ጉዳይ ብቻ ነው የሚኖረው። የደነገጠ ሰው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የተረዳ ሰው ይጠይቃል፣ ያድራል፣ ሌላ ቀን ይጨምራል። የኪጋሊው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲከፈት ሙት መንፈስ አልሸጠም፤ የሟቾችን ስምና ፎቶ፣ የገዳዮቹን ዝግጅት፣ ዓለም ዝም ያለበትን ቀን አስቀመጠ፤ ሩዋንዳ የደረሰ እንግዳ ሳያየው አይመለስም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም እንዲሁ ነው። አጽሙ በመስታወት ውስጥ አለ፣ የሟቾቹ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ ከመከራው የተረፉ ሰዎችም ጎብኚውን ተቀብለው በቃላቸው ይነግሩታል። እዚያ ገብቶ ማን ማንን እንደገደለ ሳያውቅ የሚወጣ የለም።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ነበሩ። ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካ ተዘረፈ፤ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየምም አልቀረለትም። መንግሥት ሁለቱ ከተሞች መመለሳቸውን ያስታወቀው ህዳር 27 ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጣሊያን ቦምብ ደሴ ላይ የወረደበት ያው ዲሴምበር 6፣ ከ86 ዓመት በኋላ። ቀጣዩ የጨለማ ጉዞ ጸሐፊ ይህን የቀን መገጣጠም ሲያገኝ ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም፤ የተረገመ ቀን ይለዋል። ሁለቱን ቀኖች የሚያገናኛቸው እርግማን የለም። በሁለቱም ጊዜ ውሳኔ የሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁ የቀረበት ሰው ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሆጤ ውስጥ አድራሻ ነበረው።

ስለዚህ መጽሐፉ ይጻፍ፤ ግን እዚሁ ይጻፍ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች አሉ፣ ሙዚየሙ አለ፣ አስጎብኚ ወጣቶች አሉ። የባቲ ገጽ ስለ መስቀያው ሲናገር የፍርዱን ዘመንና የተሰቀሉትን ሰዎች ከአገር ሽማግሌ ጠይቆ ይመዝግብ፤ መጠለያው የነበረበትን ሜዳ ያሳይ። የደሴ ገጽ ሆስፒታሉን፣ ድብደባውንና አቤቱታውን ይያዝ። የይምርሐነ ክርስቶስ ገጽ ከጣሪያው ይጀምር፤ አጽሙ ዘንድ ሲደርስ ባትሪና ካሜራ እንዲጠፋ በግልጽ ይጠይቅ። በ77ቱ ረሃብ ሃያ ዓመት የሞላው የባቲ ሰው ዛሬ ስልሳን አልፏል። ቃሉን ለመቀበል ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ሰኞ ከተሄደ ደግሞ ራሱ ገበያው ላይ ይገኛል።