የደብሩ ጦጣ፣ የገበሬው እሸት

በቢቸናና በሞጣ ገጠር የአገር በቀል ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ከሩቅ ከታየ፣ ከወይራውና ከጥዱ መሃል ቤተ ክርስቲያን መኖሩ አያጠራጥርም። ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ጦጣ አለች። ጠቡም ከዚሁ ይጀምራል፤ ደኑ ያስጠለላት ጦጣ ወጥታ የጎረቤቱን ማሳ ትበላለች።

የገበሬው አቤቱታ ቀላል አይደለም። ጦጣ እሸቱን ሸልቅቃ አንድ ሁለቴ ትገምጥና ጥላው ወደ ሌላው ታልፋለች፤ ስለዚህ ከምትበላው የምታበላሸው ይበልጣል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። በቆሎው እሸት የሚይዘው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» እንዲሉ፣ ገበሬው ከዛፉ በፊት የልጆቼ ጉሮሮ ቢል አይፈረድበትም። ገድዬ ልገላገል እንዳይልም የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

ካህናቱም እውነት አላቸው። የቅጽሩ ዛፍ ባይከበር ኖሮ የዝግባና የወይራ ዘር የሚለቀምበት ቦታ ባልተረፈ ነበር። ጦጣዋም የሾላና የዋርካ ፍሬ በልታ ዘሩን ትበትናለች። ደግሞስ ዙሪያዋ ታርሶ ካለቀ ወዴት ትሂድ?

ሁሉንም በአንድ ስም መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። ጉሬዛ ከጦጣና ከዝንጀሮ ይለያል። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ጨጓራው እንደ ላም ጨጓራ ክፍል ክፍል ስላለው ቅጠሉን አብላልቶ ይፈጨዋል። አውራ ጣቱ ጉጥ ብቻ ቀርታለች፤ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፍ እየቆነጠጠ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ግልገሉ ሲወለድ ነጭ በነጭ ነው። ኑሮው ዛፍ ላይ ነውና ደኑ ሲመነምን መግቢያ ያጣል።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ደክመዋል። ካቡ ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ ያግዳል፤ ጦጣ ወደ ማሳው እንዳትወጣ ግን አያግድም።

ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው፦ የደኑ ጥላና በረከት ለአጥቢያው ሁሉ ነው፤ ዕዳው ግን ማሳው ከደኑ ጥግ በገጠመ ገበሬ ላይ ብቻ ወድቋል። ደኑ የሁሉም ከሆነ ጥበቃውም የሁሉም ይሁን። ለአጨዳ ወንፈል የሚገባ አጥቢያ በእሸት ወራት ማማውን በተራ መጠበቅ አያቅተውም። ያን ጊዜ ጦጣዋ ከዛፏ፣ ልጁም ከትምህርት ገበታው አይነቀሉም።