ፒያኖው ሳይገዛ ወንበሩ ይቅደም

ሰሞኑን በዲፓርትመንታችን ኮሪደር የሚወራው ስለ አዲሱ ዲጂታል ፒያኖ ነው። በሚቀጥለው በጀት ይገዛል እየተባለ ነው። ይገዛ፣ ማን ይጠላል! የልምምድ ክፍል ወረፋው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ከእሱ በፊት ሌላ ነገር ይቅደም ባይ ነኝ፤ ወንበር። አዎ፣ ወንበር። የግዢ ኮሚቴው አንድ ቀን ጎራ ብሎ፣ ያሉትን አራት ፒያኖዎች ምን ላይ ተቀምጠን እንደምንጫወት ቢያይልን ደስ ይለኛል።

ለማያውቁት ልንገር። አንደኛው ክፍል ከፒያኖው ጋር የመጣ አግዳሚ አለ፤ ከፍ ዝቅ አይልም፣ አንዱ እግሩም በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ነው። ሁለተኛው ክፍል ባለ መደገፊያ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሦስተኛው ከሌክቸር ክፍል የመጣ የተማሪ ወንበር ነው። አራተኛው ያ በኤክስ ቅርጽ የተሠራው፣ ከኪቦርድ ጋር የሚሸጠው ነው፤ ጎበዝ ፎርቲሲሞ ሲመታበት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

«ታዲያ ወንበር ምን ችግር አለው? ዋናው ጣት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ክራር የሚጫወት ሰው ክራሩን ወደ ሰውነቱ ያመጣዋል። ማሲንቆም እንደ ተጫዋቹ ዘንበል ቀና ይላል። ዋሽንትማ በእጅ ነው። ፒያኖ ግን ለማንም አይመቻችም። የነጩ ቁልፍ ገጽ ከወለሉ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ይገኛል፤ አጭር መጣ ረጅም መጣ ግድ የለውም። (ኪቦርድ ከሆነ ማቆሚያው ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱን ተዉት።) በሰውየውና በፒያኖው መሃል ሊስተካከል የሚችለው ወንበሩ ብቻ ነው። እሱን ካልን ደግሞ የሚስተካከለው የሰው ወገብ፣ ትከሻና አንጓ ይሆናል ማለት ነው።

እስቲ እንለካ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች ልቀቁትና ክርናችሁን እጠፉ። ከመቀመጫው እስከ ክርናችሁ ሥር ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ያንን ከ73 ቀንሱ። 18 የሆነለት ሰው 55 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወንበር ያስፈልገዋል፤ 26 የሆነለት 47 ይበቃዋል። የፕላስቲኩን ወንበር ለክተነዋል፣ 43 ነው። ለማን ተብሎ እንደተቀመጠ እንጃ። ልብ በሉ፣ ወሳኙ የቁመት ርዝመት ሳይሆን ከወገብ በላይ ያለው ነው። እግረ ረጅም ሆኖ ከወገብ በላይ አጭር የሆነ ልጅ ከፍ ያለ ወንበር ሊፈልግ ይችላል። ይህ ስሌት መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚመቸው አለ። ግን አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስህተት ምቾት ነው አይባልም።

ይህን ያህል የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። አብራን ፈርስት ኢየር የገባች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዋና መሣሪያዋ ፒያኖ። ቁመቷ አጭር ነው፣ የደረሳት ደግሞ ባለ ፕላስቲኩ ክፍል። ሙሉ ሴሚስተር «ትከሻሽን ጣይ» ስትባል ከረመች። ትከሻዋን ብትጥለው እኮ ክርኗ ከቁልፉ በታች ይወርዳል፣ አንጓዋ ወደ ላይ ይታጠፋል! የወንበሩ መደገፊያም ክርኗን ይይዘው ነበር። በመጨረሻ ክንዷን ሲያማት ወደ ድምፅ ቀየረች። ሐኪም ስላልሆንኩ ሕመሙ ከወንበሩ ብቻ ነው አልልም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻዋን ያየ እንጂ የተቀመጠችበትን ያየ ሰው አልነበረም።

ደግሞስ አዲስ ነገር አላመጣሁም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኩፕራን እ.ኤ.አ. በ1716 ባሳተመው የሃርፕሲኮርድ አጨዋወት መጽሐፉ ክርን፣ አንጓና ጣት በአንድ ደረጃ ላይ እንዲሆኑ፣ ወንበሩም በዚያው መሠረት እንዲመረጥ ጽፏል። ለሕፃናትማ እግራቸው አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከሥር የሚረግጡት ነገር ይደረግላቸው ይላል። ሾፐንም ጀምሮት ሳይጨርሰው በቀረው የማስተማሪያ ረቂቁ ክርን በነጩ ቁልፍ ልክ ይሁን ብሏል። ከ300 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳብኝ የግሌን ጉልድ ስም ነው። «እሱ መሬት ሊነካ ምን ቀረው፣ ግን ዓለምን አስደነቀ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ካናዳዊው ጉልድ ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ወንበር ላይ ነበር የሚጫወተው። ግን ያቺን ወንበር እግሯን አሳጥረው ያዘጋጁለት አባቱ ናቸው። እሱም በሄደበት ሁሉ ይዟት ይዞር ነበር፤ አርጅታ ስትንጫጫ በቅጂዎቹ ላይ ሁሉ ይሰማል። ባገኘው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ እንደሚመስለኝ ጉልድ የእኔ ምስክር ነው።

እንግዲህ ይገዛ ከተባለ ምን ዓይነት? በግራና በቀኝ ባለው እጀታ እየተዘወረ ከ48 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ አለ፤ እሱ ነው የሚሻለው። ሲገዛ ተቀምጦ መወዝወዝ ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጮኸ ይቅር። ስፖንጁ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ሶፋ የሚመስለው ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይዞን ይሰምጣል። ክቡ በብሎን የሚዞረው በርጩማ ቦታ አይፈጅም፣ ግን ወደ ባሱ ዘንበል ስንል አብሮን ይዞራል። መደገፊያ ያለው ፈጽሞ አይገዛ። የምንቀመጠው ፊተኛው ግማሽ ላይ ስለሆነ ጀርባው ምንም አይሠራልንም።

«ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው» ከተባለ ደግሞ አናጢ አለ። 46፣ 50 እና 54 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ጠንካራ አግዳሚዎች ማሠራት ከአንድ ዲጂታል ፒያኖ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይመስለኝም። ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ቢጨመሩ መሃል ላይ ያለውም ልክ ይገኛል። እግር ለማይደርስለት አንድ ዝቅተኛ መርገጫ። አሁን እኮ ከፍ የምንለው ፎቶ ኮፒ የሆነውን ቸርኒ ደራርበን ነው፤ አንዳንዱ ቸርኒን ያወቀው ተቀምጦበት ነው። ጋቢ አጥፎ የሚያነጥፍም አለ፣ ግን ይንሸራተታል።

ኮሚቴው ልክ ከጠየቀ ዝግጁ ነን። የተወሰንን ተማሪዎች የክርናችንን ልክ መመዝገብ ጀምረናል። ያልተለካ ካለ ረቡዕ ከሰዓት ሜትር ይዤ ሁለተኛው የልምምድ ክፍል አለሁ፤ መምህራንም ብትመጡ ደስ ይለናል።