በረኪና ሽቶ አይደለም!

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ቆጣ ያለ ነው፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

ሰሞኑን አንዲት እናት ደውለውልኝ ዶሮ ቤታቸው ሄድኩ። ጫጩቶቹ ተቅማጥ ይዟቸው ክንፋቸውን ጥለዋል። «ልጄ፣ በረኪና እኮ በየቀኑ ነው የምረጨው፤ ሽታው ደጅ ድረስ ይሰማል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሸታል። ወለሉ ላይ ግን ኩሱ ጣት ያህል ተጋግሯል። በረኪናውም ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ክዳን ነው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ባክቴሪያውን ሽቶ መቀባት ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ነገሩ ግን አያስቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ዕቃው ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል። ለ10 ሊትር ባልዲ 1 ሊትር በረኪና ማለት ነው። አንድ ክዳን 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢይዝ፣ የምትረጩት ከዚህ መጠን 100 እጥፍ የሳሳ ነው! እሱም ኩስና እበት ላይ ሲወድቅ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ከሥር ያለው ባክቴሪያ ምንም አይነካውም።

«ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል» የምትሉ አላችሁ። አይሻልም! ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንኳ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒት በማይገድል መጠን ከተሰጠ ባክቴሪያው እንደሚላመደው አስጠንቅቆ ነበር። በማጽጃ ኬሚካልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በተለይ ኳተርናሪ አሞኒየም የሚባሉት ኬሚካሎች በሳሳ መጠን ደጋግመው ሲረጩ፣ ኬሚካሉን ከውስጣቸው ገፍተው የሚያስወጡ ባክቴሪያዎች ተርፈው ይራባሉ። ይህ ችሎታ አንዳንዴ አንቲባዮቲክን ከመቋቋም ችሎታ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላውም ይተላለፋል።

ትልቁ ጣጣ ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱ ስላልጸዳ ዶሮው ይታመማል፤ ላሟ የጡት በሽታ ይይዛታል። ወዲያው ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገዝቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። ሻል ሲል ይቋረጣል፣ ሲብስ ይደገማል። መጥረጊያ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለመድኃኒት ሰጠነው ማለት ነው! የተላመደው ባክቴሪያ ደግሞ በረት ውስጥ አይቀርም። በእጃችን፣ በወተቱ፣ በፍግ አድርጎ ጓዳችን ይገባል። ልጃችን ሲታመምም ያው መድኃኒት አልሠራ ይላል።

«በረኪና ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ኩስ ላይ አትድፉት የምላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ እንጀምር፦

1. እንስሳቱን አውጡ። ጉዝጓዙን፣ ኩሱን፣ እበቱን ጥረጉና አርቁ።
2. ወለሉን፣ መመገቢያውንና ውሃ መጠጫውን በውሃና በሳሙና እሹ፤ አለቅልቁ፣ ውሃው ይንጠፍ። ሽንት ላይ በረኪና ማፍሰስ ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።
3. ከዚያ በኋላ በረኪናውን በዕለቱ በጥብጣችሁ በልኩ ርጩ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። እንስሳቱ የሚመለሱት ቤቱ ሲደርቅና ሽታው ሲጠፋ ነው።
4. በር ላይ ያለውን የእግር መንከሪያ በየቀኑ ለውጡ፤ ጭቃ ከገባበት ቶሎ ለውጡ። የከረመ ጭቃ ውሃ ማንንም አያግድም።
5. በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡ።

ጥፋቱን በእናንተ ላይ ብቻ አልጥልም። እኛ ባለሙያዎች «ኬሚካል ርጩ» ብለን ስንት ለስንት እንደሚበጠበጥ ሳናሳይ ስንሄድ ኖረናል። ጽሑፍ የሌለው ጀሪካን የሚሸጥ ነጋዴም ተጠያቂ ነው። ምን እንደሆነ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ያልተጻፈበትን አትግዙ!

እንስሳ ሲታመምባችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን መጥረጊያ አንሱ። ሳይቃጠል በቅጠል!